የአማን ጉልበት

ሽባ የሚያደርገው በሽታ የመታኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ወገዳ ገበያ ላይ ጨው ስሸጥ። ለአንዲት ደንበኛ ስለ ጥንካሬዬ እየፎከርኩ ኩንታሉን ላነሳ ስል ግራ ጎኔ ከዳኝ፤ ጨዉ ላይ ተዘረርኩ።

ከወራት በኋላ በከዘራ መሄድ ቻልኩ። የተጣመመው አፌም ቀና። አልመለስ ያለኝ የመኝታው ነገር ነው። ከባለቤቴ ከሀኒፋ መሸሽ ያዝኩ፤ አንዴ ወገቤን እላለሁ፣ አንዴ ሶላት አስረዝማለሁ። ወላሂ፣ እንደዚያ ሰሞን ጻድቅ ሆኜ አላውቅም!

ምሥጢሬን ለጤና ጣቢያችን ድሬሰር ለመልአኩ ብቻ አወጣሁ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ በመርፌ የሚያክም ቻይናዊ ሐኪም አለ» አለኝ።

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሰው በተሰበሰበበት «ጋሽ አማን፣ ምንዎን ነው የሚታከሙት?» ቢለኝ፣ «ጥርሴን» አልኩ።

ሐኪሙ ዘንድ የምታስተረጉመው በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነርስ ነበረች። መርፌ ሲባል ሰምቼ ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ዞርኩላቸው።

«ይታጠቁ አባባ፣ እዚያ አይደለም» አለች ሳቋን ይዛ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ጉልበት አጣሁ።»

ምን ብላ እንደተረጎመችለት እንጃ፤ ሐኪሙ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና ዙሪያውን በቀጫጭን መርፌ ሰካካው። እኔም ስላፈርኩ ሳምንቱን ሙሉ ደኅናውን ጉልበቴን ሳስወጋ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ «ልጄ፣ ጉልበቴስ ደኅና ነው» አልኳት። «ባለቤቴ ግን...» ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ገባት። ከዚያ ወዲያ መርፌው ወደ እግሬና ከእምብርቴ በታች ዞረ።

ሐኪሙ በእሷ በኩል «ለባለቤትዎ ነግረዋል?» አለኝ።

«ለእሷማ እንዴት ይነገራል!»

«መርፌው ብቻውን አይበቃም። ይንገሯት።»

አገሬ እንደገባሁ ከዘራዬን ሳላስቀምጥ ነገርኳት። ሀኒፋ ከዘራዬን ተቀበለችኝና፣ «እኔ እኮ ሌላ ሚስት ልታገባ መስሎኝ! አዲስ አበባ የሄድክ ዕለት ሙሽራህን ስረግም ነው የዋልኩት» አለች።

«እኔ? ላንቺስ መች በቃሁና!»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ መኝታዬንም ወደ እሷ መለስኩ።

ሙሉ በሙሉ ዳንኩ አልልም። አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። መርፌው ይሁን መናገሩ የረዳኝ ለይቼ አላውቅም። እምቢ ሲል ግን ሶላት አላስረዝምም፤ ተቃቅፈን ስናወራ እንቅልፍ ይወስደናል።