ከአሸዋው በታች ያለው ዓሊ

በአገሬ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ነበርሁ። በካርቱም ስደት ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት በቱቲ ደሴት፣ ቅርፊቷ እንደ ቆዳ የለሰለሰ፣ ዘሯ ሊጠፋ የተቃረበ ኤሊ ነበረች። በዚያ ዓመት በዳርቻው እንቁላል የቀበረች አንዲት ብቻ መሆኗን የነገሩኝ፣ በደሴቲቱ ሎሚ የሚያለሙት ወዳጄ ሐጂ ናቸው።

የሱዳን መንግሥት በአብዮት ከወደቀ በኋላ፣ በሽግግሩ ዘመን ክረምት ዓባይ ከልክ በላይ ሞላ። አብዮቱ ያስተባበራቸው የደሴቲቱ ወጣቶች ውኃውን ለመገደብ ጆንያ በአሸዋ ይሞሉ ጀመር። ከምኖርበት ከአል-ሳሃፋ ሰፈር ተነሥቼ ስደርስ አካፋቸው እንቁላሎቹ አጠገብ ደርሷል። ኤሊ በሱዳኖች ዐረብኛ «አቡ ገደህ» ትባላለች፤ የሳህን አባት እንደማለት ነው። ለዓመታት የተናገርሁት ቃል በዚያች ቅጽበት ጠፋኝ።

«ኤሊ! ኤሊ ታሕት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ኤሊ ከሥር አለች ማለቴ ነበር።

እነርሱ የሰሙት «ዓሊ» ብለው ነው። ሰው የተቀበረ መሰላቸው። ላርማቸው አፌን ከፈትሁ፤ አካፋዎቹ ሲወድቁ ባየሁ ጊዜ ግን መልሼ ዘጋሁት።

«በእጅ! ቀስ ብላችሁ!» አሉ ሐጂ፣ ነገሩ ቀድሞ የገባቸው።

«ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ልጅ ነው ወይስ ትልቅ ሰው?» አለኝ አንድ ጎረምሳ፣ አሸዋውን በጣቶቹ እየጫረ።

«ትንሽ ነው» አልሁ፤ ይህም እውነት ነበር።

ነጫጭ ድቡልቡል እንቁላሎች ብቅ አሉ።

«ዓሊስ?»

«ገና አልተፈለፈለም» አሉ ሐጂ።

ጎረምሳው አፈጠጠብኝ። «ወላሂ፣ የወደቀው መንግሥት እንኳ እንዲህ አልዋሸንም!»

«እኔም የወደቀ መንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አልሁት።

መጀመሪያ የሣቀው እርሱ ነው። የኤሊ እንቁላል ከተገለበጠ ጽንሱ ይሞታልና የእያንዳንዱን አናት በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ እነርሱም ሳያዘነብሉ በአሸዋ በተሞላ ባልዲ እየደረደሩ ከፍ ወዳለው የሎሚ እርሻ አሻገሩልኝ። ማታውን ውኃው ዳርቻውን ሸፈነው።

ከሳምንታት በኋላ ግልገሎቹን ወደ ዓባይ ስናወርድ ጎረምሳው አንዷን በመዳፉ አነሣ። አውራ ጣቱን ነከሰችው።

«መቼ ነው ራሷ እንቁላል የምትጥለው?» አለ፣ ወደ ውኃው እየለቀቃት።

«እኔና ሐጂ የምንደርስበት አይመስለኝም።»

«እንግዲያው እኔ እየመጣሁ አያቸዋለሁ» አለ፣ ጣቱን እየላሰ። «ይቺን ግን አልጠይቃትም።»