አዲሱ ነገር የቱ ጋ ነው?

የጎጃም ልጅ ነኝ። ጉብሬ የመጣሁት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርፕረነርሺፕ ላስተምር ነው። ከኮርሱ ሁሉ የምፈራው ስለ አእምሯዊ ንብረት የሚያወራውን ምዕራፍ ነበር። ፓተንት ምንድን ነው፣ የንግድ ምልክት ምንድን ነው እያልኩ ሳስጽፍ እኔንም ተማሪዎቼንም እንቅልፍ ይጫነን ነበር።

አንድ ቀን በዚያው ምዕራፍ መሃል አንዲት ከዚያው አካባቢ፣ ከቸሃ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። ምህንድስና ተማሪ ናት፤ ክፍል ውስጥ ብዙም አትናገርም።

"መምህር፣ እንሰት መፋቂያ ሠርቻለሁ። ዛሬ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ልለቀው ነው። ችግር አለው?"

"እንዳትለቂው!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እንቅልፉም በረረ።

አንዴ አደባባይ የወጣን ነገር "አዲስ ነው" ብሎ መከራከር እንደሚያስቸግር ነገርኳቸው። "መጀመሪያ ከእሷ በፊት ማን ምን እንደሠራ እንፈልግ" አልኩ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይፋ የወጡ የፓተንት ሰነዶችን ይበረብር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ "አገኘሁ! ተሠርቷል!" አለ። በሞተር የሚሠራ የእንሰት መፋቂያ ነበር። የልጅቷ ፊት ዳመነ።

"ቆይ፣ ያንቺ ከዚህ በምን ይለያል?" አልኳት።

ሰሌዳው ላይ እየሳለች አስረዳችን። እናቷ ለቆጮ ስትፍቅ እንሰቱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ የምትይዘው በተረከዟ ተጭና ነው፤ ቀኑን ሙሉ እግሯን ሰቅላ። ልጅቷ የተረከዙን ሥራ ከአሮጌ የባጃጅ ስፕሪንግ ለሠራችው መቆንጠጫ ሰጠችው። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ።

"እሱ ነው! አዲሱ ነገር መቆንጠጫው ነው!" አልኩ። ደስታው ወረረኝ።

ለፈጠራዋ የሕግ ጥበቃ የምትጠይቅበትን ዓረፍተ ነገር አብረን መጻፍ ጀመርን።

"'ስፕሪንግ' ካልን ሌላው በጎማ ሠርቶ ያመልጠናል" አለች አንዷ።

"ታዲያ 'የሚለጠጥ መያዣ' እንበለዋ!"

"እሱማ በጣም ሰፋ፤ ቀድሞ የተሠራውንም ያካትታል!"

ለአንድ ቃል ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተከራከሩ። ሰዓቱ አልፎ ቀጣዩ መምህር በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ማመልከቻው አዲስ አበባ ለአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ገባ፤ ምርመራው ወራት ፈጀ። አንድ ከሰዓት ወልቂጤ ውስጥ በባጃጅ ስሄድ ስልኬ ጮኸ።

"መምህርዬ፣ ሰጡኝ! ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት ሰጡኝ! ስሜ አለበት!"

"እሰይ! እናትሽስ ምን አሉ?"

"'ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ስቀይና ለጎረቤቶቼም ሥሪላቸው' አለች።"

እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። መውረጃዬን አልፌ ሄጄ ነበር።