በጆንያ ያስሸፈንኩት ባትሪ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለአንተ ለማታውቀኝ አንባቢ ልናገር ነው። ከመናገሬ በፊት ግን ማን እንደሆንኩ እወቅ።

እኔ ስንሻው በወረታ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን ዲናሞ የፈታሁት ለብቻዬ ነው፤ መልሼ የገጠምኩትም ለብቻዬ። ከአንበሳሜ የሚመጣ ሹፌር መኪናው አልነሣ ሲለው የሌላ ሰው በር አያንኳኳም። ከኮሌጅ የወጡ ልጆች መለኪያቸውን ይዘው ግራ ሲጋቡ እኔ ሞተሩን በጆሮዬ ሰምቼ ብልሽቱን እነግራቸዋለሁ። ጉራ ነው ካልክ የወረታን ሰው ጠይቅ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የሰው ዓይን እንዴት ያጠፋል? አጠፋሁ። የአበጀን የግራ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አበጀ ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው የቁሐር ሚካኤል ገጠር ሰው ነው። ያኔ ባጃጅ ነበረው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ስለሚተኛ ባጃጁ መንገዱ እስኪደርቅ ይቆማል፤ ባትሪውም በዚያው ይሞታል። በየዓመቱ ባትሪ ተሸክሞ፣ ጭቃ አቋርጦ እኔ ዘንድ ከሚመላለስ የራሱን ቻርጀር ገዝቶ ቤቱ ቢሞላ እንደሚሻለው አሰበና እንድመርጥለት ለመነኝ። አብረን ሐጂ ሰዒድ ሱቅ ገባን። ሐጂ ሁለት ቻርጀር አወጡ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ባትሪው ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ሌላው ለከባድ መኪና የተሠራ፣ በሁለት እጅ የሚነሣ ብረት ነው። ለባጃጅ ትንሹ እንደሚበቃ፣ ትልቁ ግን አሲዱን እንደሚያፈላው ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል አሉን። እኔ ሳቅሁ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ወረቀቱን ያንብቡ፤ ሥራውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«አንተማ ከሠራው ፋብሪካ ትበልጣለህ መቼም» አሉኝ።

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በእኔ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ትንሹን ብመርጥ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ትልቁን አሸከምኩት።

ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? አጠቃቀሙንም አስተማርኩት። በእኛ አገር የሩዝ ዘር ዘፍዝፈን፣ በጆንያ ጠቅልለን እናሞቀዋለን፤ ቶሎ ይጎነቁላል። ባትሪም ብርድ አይወድም፣ በጆንያ ሸፍነህ፣ በሩን ዘግተህ ሙላው፣ ቶሎ ይሞላል አልኩት። ይህን ከየት አመጣሁት? ከራሴ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ እንደሚያወጣ መች ጠይቄ አውቃለሁ? እኔ የምሠራው ግድግዳ በሌለው ዳስ ስለሆነ ጋዙን ንፋስ ይወስድልኝ ነበር፤ እኔ ግን ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል አላልኩትም። እንዲያውም ባትሪውን የሚነክሰውን የቻርጀሩን መቆንጠጫ ስታነሣ ብልጭ ካለ ባትሪው ጠግቧል ማለት ነው ብዬዋለሁ።

አበጀ ያልኩትን አንድም ሳያጓድል አደረገ። የጆንያውን ጫፍ ገልጦ፣ አጎንብሶ መቆንጠጫውን ሲያነሣ ብልጭ አለ። ባትሪው ፈነዳ፤ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሚስቱ ውኃ በላይ በላዩ እያፈሰሰች የቀኝ ዓይኑን አተረፈችው። ግራው ጠፋ።

እስከዚህ ያለውን ስሕተት በለው፤ እሺ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ስሕተት አይደለም። የአበጀ ወንድሞች ሲቆጡ ሦስት ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጡና ባትሪው በምን እንደፈነዳ ጠየቁኝ። አዋቂው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንን ይጠይቁ? መቆንጠጫዎቹን አገላብጧቸው ነው አልኩ፤ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ። ዋሸሁ። ስለ ጆንያው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አበጀ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አሁን ስለ ጆንያው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፣

«እኔስ ቀዩን ከቀዩ ያያያዝኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «አያ ስንሻው እንዲህ ካሉ ግን እሳቸው አይሳሳቱም። እኔው ነኝ።»

ተነሥቶ ጉልበቴን ያዘ። «ስምዎን በከንቱ አስነሣሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እኔም ይቅር አልኩት። ሰማኸኝ? እኔ፣ እሱን፣ ይቅር አልኩት። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ።

ባጃጁን ሸጠ። ዓይንህን ምን ነካው ለሚለው ሁሉ በገዛ እጄ ነው ይላል። እኔስ? እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። እህል ቀርቦልኝ እነሣለሁ፤ ሶኬት መንቀሌን ሄጄ አያለሁ፤ ተመልሼ እንደገና አያለሁ። ለምን ዋሸሁ? ድሃ ሆኜ? ወንድሞቹን ፈርቼ? አይደለም። አያ ስንሻው አያውቅም እንዳይባል ነው። ለዚህ ሰበብ የለኝም፤ ቢኖረኝም አላቀርብም።

እስካሁን ማድረግ የቻልኩት ይህ ነው። ሐጂ ሰዒድ ያንን በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት በቃሌ እስክይዘው እየተረጎሙ አንብበውልኛል። በዳሱ ምሰሶ ላይ በትልቁ ጽፌ ሰቅያለሁ፦ ለትንሽ ባትሪ ትንሽ ቻርጀር፤ ንፋስ ባለበት፤ ምንም ሳይሸፈን፤ እሳት ሳይቀርበው፤ መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ከዚያ መቆንጠጫው። መነጽር ሳላደርግ ባትሪ አልነካም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ ያንንም እዚህ አምኛለሁ። እውነቱን ልነግረው ሁለት ጊዜ ቁሐር ድረስ ሄጄ፣ አበጀን ስለ ሩዙ አዝመራ ብቻ ጠይቄው ተመልሻለሁ። ይህንኑ ጽሑፍ ሁለት አድርጌ ገልብጫለሁ፤ አንዱ አንተ የያዝከው ነው። ሌላውን ዛሬ ጠዋት ወደ ቁሐር ለሚሄድ ባጃጅ ሹፌር ሰጥቻለሁ፤ አስተማሪ ለሆነችው ለአበጀ ልጅ በእጇ ያደርሳል፤ እሷ ለአባቷ ታነብለታለች። ባጃጁ ሲነሣ መልስልኝ ልለው ሁለት እርምጃ ሮጥኩ። ቆምኩ። አልጠራሁትም።