የሀጂ ሀሰኖ ፎቅ

ልብስ ሰፊው ከዲሮ፣ አሰላ ገበያ ዳር ባለው አሮጌ ፎቅ በረንዳ ላይ ሲሰፋ ነው ያረጀው። ፎቁን ያሠሩት አባቱ ሀጂ ሀሰኖ ናቸው። ምድር ቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበር፤ ላይኛው ደግሞ ከሲሬና ከኦጎልቾ ለሚመጡ ነጋዴዎች ማደሪያ። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ፎቁ የቀበሌ ሆነ፤ ለሀጂ የቀረችላቸው ጓሮ ያለችው ጭቃ ቤት ብቻ ነበረች። “ይመልሱታል” እንዳሉ ሞቱ።

ከዲሮ አንዱን ክፍል ከቀበሌ ተከራይቶ የስፌት መኪናውን ተከለ። የአባቱን ቤት ለመከራየት ደጅ መጥናት አንገቱን ቢያስደፋውም ቻለው። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ተስፋው እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ሚስቱ ከዲጃ፣ አባቷ ኦጎልቾ ላይ መሬት ሰጥተዋት፣ “እንሂድ፣ የራሳችንን ቤት እንሥራ” ብትለው፣ “ቤቱ ሲመለስ እዚሁ ልገኝ” እያለ አስቀራት። መሬቱን ወንድሞቿ አረሱት።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ለሥራው ከማዘጋጃ ቤት የተላከው ወንድምአገኝ የሚባል ወጣት መጥቶ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ።

“ኦቦ ከዲሮ፣ ዕቃዎን ያውጡ።”

“ይሄ እኮ አባቴ ያሠራው ቤት ነው!”

“ሰምቻለሁ። ግን እርስዎ ተከራይ ነዎት። ምትክ ቦታ የሚሰጠው ለባለቤት ነው።”

“ባለቤቱ ማነው ታዲያ?”

ወጣቱ ቀለሙን ከጣቱ ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዲሮን ይበልጥ የጎዳውም ይኸው ነው፤ የሚጣላው ሰው እንኳ አጣ።

የሚፈርስበት ቀን ደርሶ የማፍረሻው ማሽን የላይኛውን ወለል ሲነካው የጥዱ ሳንቃ እየጮኸ ተሰነጠቀ። የተሰበሰበው ሰው በስልኩ ይቀርጻል።

“የማን ነበር?” አለ አንድ ባጃጅ ነጂ።

“የቀበሌ” አለው ሌላው።

ከዲሮ አጠገባቸው ነበር።

ቤት ሲገባ ከዲጃ አላለቀሰችም። “ለአንድ ግንብ ብለህ የሁለታችንንም ዕድሜ ጨረስከው” አለችው፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ። እውነቷን ነበር።

ልጃቸው ሙቢና ከአዳማ እየደወለች፣ “እኔ ጋ ኑ” ትላለች። ከዲጃ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ሄዶ ፍርስራሹ የተነሳበት ጠጠር ላይ ይቆማል። ሠራተኞቹ “አባባ፣ ዞር ይበሉ” ሲሉት ዞር ይላል፤ ሲሄዱለት ተመልሶ ይቆማል።

በመጨረሻ ብቻዋን ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።

“እከተልሻለሁ” አላት በአውቶቡሱ መስኮት።

ከዲጃ ሻሿን አስተካከለችና ፊቷን ወደ ፊት አዞረች።