የቲቸር አስካለ የመንገድ ደብተር

ተሳስተሽ ይሆናል አልኳት።

ዛሬ ጠዋት የደወለችልኝ የቲቸር አስካለ የልጅ ልጅ ሕሊና ናት። «እማማ አረፈች» ስትለኝ «የማን እማማ?» ብዬ ጠየቅኳት። የማን ትሆናለች! ባለፈው ሳምንት እኮ ከቲቸር ጋር በስልክ አውርተናል። ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር፤ ግን እኔ ያለሁበትን የወገል ጤናን ብርድ፣ የተማሪዎቼን ቁጥር፣ አዝመራው መድረስ አለመድረሱን ሳይቀር ጠይቀውኛል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ለማታውቋቸው፣ ቲቸር አስካለ ላሊበላ ጂኦግራፊ ያስተማሩን ሴት ናቸው። ባላቸው ቀድመዋቸው ስላረፉ አራት ልጆች ብቻቸውን አሳድገዋል፤ ከዚያ ደግሞ የልጅ ልጆች። ኪዳን ሳያደርሱ ክፍል ገብተው አያውቁም። ከወልድያ ወዲያም አልፈው አያውቁም። ይሄ ነው ሁሌ የሚገርመኝ። አገር ሳያዩ አገሩን እንደ ጓሯቸው ያውቁት ነበር።

ከየት አመጡት? ከመንገደኛ እግር።

በገና ሰሞን ላሊበላ የሚመጣው ምዕመን ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የሚገባው። የከተማው ሰውም ደጁ ላይ አስቀምጦ እግሩን ያጥበዋል፤ በረከት ነው። ቲቸር አስካለ ግን እያጠቡ ይጠይቃሉ። «መንገዱ ምን አለ?» ድልድዩ ደህና ነው ወይ፣ የት አደራችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው። እንግዳው ንፍሮውን እየቃመ ያወራል። እሳቸው እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ሰኞ እኛ ያንን እንማራለን።

አርፍደን ስንመጣም ጥያቄው ያው ነው፦ «መንገዱ ምን አለ?» «ምንም» ማለት አይቻልም። እኔ አንዴ «ፍየል አየሁ» ብል «የማን ፍየል? ምን ትበላለች?» ተብዬ አጣርቼ እንድመጣ ተመልሼ ተልኬያለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ታመመና ትምህርት አቆምኩ። ሁለት ወር ቀረሁ። አባቴ ሲሻለው ደግሞ እኔ አፈርኩ። ጓደኞቼ ጥለውኝ ሄደዋል፣ ምን ፊት ይዤ ልግባ? በቃ፣ ትምህርት ለኔ አልተፈጠረም አልኩ።

በዚህ መሃል ገና ደረሰ። ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው መንደራችን ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ ለመሳለም ወረድኩ። በቲቸር ደጅ ላላልፍ ወስኜ ነበር፤ ሕዝቡ ግን እየገፋ ወሰደኝ። ትልቋ ልጃቸው አቧራ የጠጣ እግሬን አየችና ከሩቅ የመጣሁ መሰላት። «ነይ እህቴ፣ ነይ እረፊ» ብላ እጄን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ። የአንድ ሰዓት መንገድ የመጣሁ ልጅ፣ አምስት ቀን ከተጓዙት መሃል!

ቲቸር አስካለ እግሬን ሳፋው ውስጥ አስገቡ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ከወዴት ነሽ የኔ ልጅ?»

«ከደላንታ ነው የመጣሁ።» ለምን ደላንታ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ውይ፣ እሩቅ ነው። መንገዱ ምን አለ?»

«ሜዳ ነው። ሜዳ ለሜዳ ነው የመጣን።»

«ወንዝ የለውም?»

«የለውም።»

«ገደልስ?»

«ኧረ ምንም የለ።»

እግሬን አድርቀው፣ ሳም አድርገው፣ «ጥሩ ነው» አሉ። «ሰኞ መጥተሽ ለክፍሉ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ሰኞ ሄድኩ። ስለ ደላንታ አንድ ቃል አልጠየቁኝም፤ የድሮ ቦታዬን ብቻ አሳዩኝ።

ከዓመታት በኋላ እኔም የጂኦግራፊ መምህር ሆንኩና ዕጣ ወጣልኝ። የት መሰላችሁ? ደላንታ፣ ወገል ጤና! ከዋድላ ስንሻገር ያ ሁሉ ገደል መጣ። አውቶቡሱ ወርዶ ወርዶ ወንዙ ጋ ሲደርስ ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አማተቡ። ሜዳ ለሜዳ ብያለሁ እኮ!

ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኝ ነበር። ያኔ ያወቁኝ መቼ ነው? ገደሉን ስክድ ነው? ድምፄን ሲሰሙ? ወይስ ገና እግሬን ሲይዙ? በደወልኩ ቁጥር ልጠይቃቸው እልና አፍራለሁ። መጠየቅ ያስተማሩኝን ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። መዋሸቴን ሳልናዘዝላቸው፣ ለዚያች ሰኞ ሳላመሰግናቸው ሄዱ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ለሕሊና ይህንኑ እያለቀስኩ ነገርኳት። «ቆይ፣ ስልኩን አትዝጊ» አለችኝ። የመንገድ ደብተሮቹን አምጥታ ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከብዙ ቆይታ በኋላ አነበበችልኝ። መጀመሪያ የኔ ስም ነው፣ ከነአባቴ። ከሥሩ «ደላንታ። ሜዳ ነው፣ ወንዝ የለውም አለች። ይጣራል» ይላል።

እኔ እኮ ያን ቀን ስሜን አልነገርኳቸውም!

«የሚገርምሽ» አለች ሕሊና፣ «ከዚህ በታች ግማሹ ገጽ ባዶ ነው። እማማ ወረቀት አታባክንም፤ ዳር ዳሩ ላይ ሳይቀር ነው የምትጽፍ። እዚህ ላይ ብቻ ለምን እንደተወችው እንጃ።»

እኔ ግን ገባኝ።

ቲቸር፣ ነገ በጠዋት ከወገል ጤና እነሳለሁ። ለቀብርዎ ባልደርስም ለሠልስቱ እደርሳለሁ። መስኮት ዳር ነው የምቀመጥ፤ አልተኛም። ገደሉን፣ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ማሳውን ሁሉ አይቼ እመጣለሁ። እርስዎም በሄዱበት ደጅ እግርዎን የሚያጥብ አይጡ።

ደህና ይሂዱ ቲቸር። የተዉልኝ ግማሽ ገጽ ካልበቃኝ፣ እንደርስዎ ዳር ዳሩ ላይ እጽፋለሁ።