ቀንዳሙ ብስክሌት

ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌት፣ ነጂው መርገጡን ሲያቆም፣ ከኋላ ጎማው የሚያወጣው አንድ ድምፅ አለ፤ ጥርርር የሚል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ባለፈው ሰሞን ቡሬ ከገበያ ስመለስ ከኋላዬ ሰማሁትና ሳላስበው ከአስፋልቱ ወርጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ የሚሄድ ጎረምሳ ነበር፤ አለፈኝና ሄደ። እኔ ግን ዘንቢሌን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ልጅ ሳለሁ ያ ድምፅ ከበራችን ሲደርስ እናቴ የያዘችውን አስቀምጣ ትነሣ ነበር፣ እኔም ከተቀመጥኩበት እነሣ ነበር፤ ከድምፁ ጋር ወንድሜ ይበልጣል ይመጣል፣ ከይበልጣል ኋላ ደግሞ አባታችን ይመጡ ነበርና።

አባታችን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የስፖርት መምህር ነበሩ። በመንገድ ሲያልፉ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «መምህር፣ እንዴት አደሩ» ይላቸው ነበር። የጎረቤት ልጅ ሲታመም አቅፈው ሐኪም ቤት የሚያደርሱ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድመው የሚገኙ፣ ፈገግታቸው ለከተማው ሁሉ የሚበቃ ሰው ነበሩ፤ ለቤታቸው ግን ከዚያ ፈገግታ የሚተርፍ አልነበረም። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ ቡድን በብስክሌት ይወዳደሩ እንደነበርና አንድ ቀን ከቡድኑ እንደተሰናበቱ እናውቃለን፤ ለምን እንደተሰናበቱ ግን እናታችን እንኳ አታውቅም ነበር። ይበልጣል የሚለውን ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እኔን ትርንጎ ያለችኝ እናቴ ናት።

መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ ሜዳው ገና ቢጫ ሳለ፣ አባታችን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ጭነው መጡ። መሪው እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጎማው ጣት የሚያህል ቀጭን፣ ባለ ማርሽ ነበርና የሰፈር ልጆች ወዲያው «ቀንዳሙ» አሉት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቼም አልረሳቸውም። አባታችን ኮርቻውን ከኋላ ይዘው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እየሮጡ፣ እየሳቁ፣ «ርገጥ የኔ አንበሳ!» ይሉት ነበር፤ ይበልጣልም ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ ይረግጥ ነበር፤ እኔም ከዳር ቆሜ ቤታችን ደስታ የገባበት መስሎኝ አጨበጭብ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጎማው ተጣሞ ፈነዳ። ያን ጊዜ በእኛ ከተማ ብስክሌት ጠጋኝ ማለት ከአስፋልቱ ዳር ላስቲክ ወጥሮ፣ የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ በሳፋ ውኃ ነክሮ፣ አረፋ ያወጣበትን ቦታ በማስቲሽ የሚለጥፍ ሰው ነበር፤ የሚያውቀውም እህልና የሳር እስር የሚጫንበትን ወፍራም ብስክሌት ነው። አንዱ የቀንዳሙን ጎማ በመዶሻ ሊያቃና ሞክሮ ይባስ አጣመመው። አባታችን ፈገግ ብለው፣ አመስግነውት፣ ብስክሌቱን እየገፉ ቤት ከገቡ በኋላ ይበልጣልን በጥፊ መቱት። «ስትነዳው ስለምትዘም ነው የተጣመመው» አሉት። ጠጋኝ ፍለጋ ከተማውን አዳርሰው ሲያበቁ ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ዘንድ፣ ባሕር ዳር ሠርቶ የመጣ ጋሽ ደሴ የሚባል ሰው አገኙ። ጎማውን አቃናላቸው፤ ማርሹንም አስተካከለላቸው። አባታችን ያን ዕለት ልጅ እንደተወለደላቸው ሰው ሆነው ነበር የመጡት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲሆን ይበልጣልን በብስክሌት ያስቀድሙና እኔን በሚኒባስ ይዘው ቡሬ ይሄዱ ነበር። ከነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ይበልጣል ከንፈሩ ደርቆ፣ እንደ አመድ ነጥቶ ደረሰና ከጋሽ ደሴ ደጅ ከተደረደሩት የእህል ማዳበሪያዎች ላይ ወደቀ። አባታችን ወደ እሱ ሳያዩ «ብስክሌቱ ምን ነክቶት ነው የዘገየው?» ብለው ጋሽ ደሴን ጠየቁት። ጋሽ ደሴ የኋላ ጎማውን አዙሮ፣ ቀና ብሎ ወንድሜን ተመለከተና፣ «ብስክሌቱስ ደህና ነው መምህር፤ የተበላሸው ልጁ ነው። እሱን የምጠግንበት ማስቲሽ ደግሞ የለኝም» አለ። እህል የሚጭኑት ሰዎች ሳቁ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት አባታችን ነበሩ። ማታ እራት ላይ «ብልሽቱ፣ ውኃ አቀብለኝ» አሉት፤ በማግስቱም ብልሽቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ይበልጣል ብለው ጠርተውት አያውቁም።

በበጋው መንገዶቹ እንደየሥራቸው ተከፋፈሉ። ወደ ማንኩሳ የሚወስደው ሜዳ ለፍጥነት፣ ከላህ ወንዝ የሚያወጣው ዳገት ለጉልበት፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደው ጠመዝማዛ ደግሞ ለቅጣት ነበር። አጨዳ ደርሶ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ ገበሬው ጠግቦ ሲበላ፣ ወንድሜ ይራብ ነበር። አባታችን ወፍጮ ቤት ወስደው በእህል ሚዛን ላይ ያቆሙትና ከብዶ ከተገኘ እራቱን ያስቀሩበት ነበር። እናቴ ስታለቅስ «ለውድድር የሚሆን ሰው እንዲህ ነው የሚሠራ» ይሏት ነበር። አንድ ቀን ቁራሽ ዳቦ በቀሚሴ ሸጉጬ ልሰጠው ስል ያዙኝ። አልመቱኝም። ወንድሜን ከፊታቸው አስቀመጡትና እኔን «ተርቧል ብለሽ ነው? እንግዲያው አንቺ ብይለት፤ ቀስ እያልሽ፣ እያየሽ» አሉኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ በላሁ። ይበልጣል ሊያግዘኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ከጓደኛቸው ሞተር ብስክሌት ተውሰው፣ እኔን ከኋላ አስቀምጠው፣ የውኃ ጀሪካን አሳቅፈውኝ፣ ይበልጣልን ወደ ነቀምት መንገድ አወረዱት። ሲወርድ ደስ ይል ነበር፤ ጭንቁ ሲመለስ ነው። እኛ ቀድመን ዳገቱ ወገብ ላይ እንቆምና ሲቃረብ አባታችን ሞተሩን አስነሥተው ደግሞ ከፍ ይሉ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ይሳደብ ነበር፤ ኋላ ዝም አለ፤ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ሆነ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከብስክሌቱ ሳይወርድ እጁን ወደ ጀሪካኑ ዘረጋ። አባታችን ሰዓታቸውን አዩ፣ ጀሪካኑን ከእቅፌ ወሰዱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ውኃውን አቧራው ላይ አፈሰሱት። «ዘግይተሃል» አሉት። በመንገዱ የሚያልፉ አህያ ነጂዎች ቆመው አዩና «መምህር፣ ምነው?» አሉ። «ስፖርት ነው» አሏቸው፤ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ውድድሩ ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ነበር። ይበልጣል ከመሐል ሆኖ ጨረሰ። አባታችን በሰው ፊት ትከሻውን አቅፈው «አይዞህ ልጄ» ሲሉት ያየ ሁሉ እንዲህ ያለ አባት ይስጠን ይል ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ ቀንዳሙን ጣሪያ ላይ ሊያወጣ ሲያነሣ ግን እጁን ያዙት።

«ተወው፤ እሱ ብስክሌት አለው፣ በራሱ ይመጣል።»

ረዳቱ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። «ፍኖተ ሰላም ድረስ?» አለ። አባታችን እኔን እየጎተቱ ገቡና ተቀመጡ። በኋላው መስኮት ስመለከት ይበልጣል በላብ የራሰ ማልያውን እንደለበሰ፣ መሪውን ይዞ ቆሟል። አልሮጠም፣ አልተጣራም። ዳንግላን ስናልፍ ዝናቡ ጀመረ፤ አባታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ያን ዕለት አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። ከእንጅባራ ወዲህ በጉም ውስጥ አንድ አይሱዙ እንደገጨውና ሐኪም ቤት እንደገባ የነገረን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እናቴ አብሬ ልሂድ ብትል አባታችን ከለከሏት፤ ብቻቸውን ሄዱ። እኛ ከደጃፉ ተቀምጠን ዓይናችን ከመንገዱ ሳይነቀል ዋልን። አመሻሹ ላይ በሚኒባስ መጡ፤ ጣሪያው ላይ ቀንዳሙ አለ። እናቴ በባዶ እግሯ ሮጣ «ልጄስ?» አለቻቸው።

«እግሩ ነው፤ ይተርፋል ብለዋል» አሉ፤ ብስክሌቱን እያወረዱ። «የፊት ጎማው ግን አብቅቶለት ነበር፤ ደሴ ቀየረልኝ።»

እናቴ ወሬውን ስትጠብቅ በዋለችበት ቀን ቡሬ ላይ ወርደው ብስክሌት ሲያሠሩ እንደዋሉ የገባን ያኔ ነው።  እናቴ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

በክረምቱ ይበልጣል ጉልበቱ የማይታጠፍ ሆኖ መጣ። ከመስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋንለት፤ አባታችን ወደዚያ ክፍል አይገቡም፣ ስሙንም አያነሡም ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ከግቢ ጠሩኝ። ስወጣ መፍቻ ይዘው የቀንዳሙን ኮርቻ ዝቅ እያደረጉ ነበር።

«ትርንጎ፣ ነይ እስቲ እግርሽን ልየው» አሉና ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው ባቴን ጨብጠው፣ ጉልበቴን አጥፈው፣ ዘርግተው አዩኝ። እናቴ ከደፉ ላይ ሆና «ኧረ በእመብርሃን! እሷን እንኳ ይተዉልኝ!» ስትል ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም፤ «ይችኛዋ ገና አልተበላሸችም» አሉ።

ነዳሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? የሚከፋው ደግሞ ጎበዝ ሆኜ መገኘቴ ነው፤ ነፋሱ ፊቴን ሲመታው ደስ ይለኝና ወዲያው ወንድሜ በመስኮት እንደሚያየኝ ሳስብ ደስታው ይመረኝ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ምሳውን ሳቀብለው ይበልጣል ክንዴን ያዘ። «ማንኩሳ ደርሰሽ ተመለሺ የሚሉሽ ቀን አትመለሺ» አለኝ። «ወደፊት ንጂ። ቡሬ ግቢ፣ እታለም ጋ።» እታለም የእናታችን እኅት ናት፤ ከአባታችን ጋር ከተኳረፈች ብዙ ጊዜዋ ነበር። «አንተስ?» አልኩት። «እኔን ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?» አለኝ።

ጥቅምት ላይ ያ ቀን መጣ። አባታችን ሰዓታቸውን ይዘው ከመነሻው ቀሩ፤ እኔ ማንኩሳን ስደርስ አንገቴን ሰብሬ፣ ሳልዞር አለፍኩ። ጭነት መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ ያርገፈግፈኝ ነበር፤ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ ይብስ አጥብቄ እረግጥ ነበር። አክስቴ ደጇን ስትጠርግ ደረስኩና ከነብስክሌቱ እግሯ ሥር ወደቅኩ። ምንም ሳትጠይቀኝ አስገብታ ከመጋረጃ ኋላ አስተኛችኝ።

ከቀትር በኋላ መጡ። አክስቴ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ገና ሳይናገሩ «ልጅቷን አልሰጥም!» አለች።

«ልጅቷን ማን ጠየቀሽ?» አሏት። «ብስክሌቱን አውጪልኝ።»

በመጋረጃው ቀዳዳ አያቸው ነበር። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው አዞሩት፣ ጆሯቸውን ደግነው አዳመጡት፣ በመሐረባቸው ጭቃውን ጠረጉለት፤ ከዚያ ሚኒባስ አስቁመው፣ ጣሪያው ላይ አሳስረው፣ ሄዱ። ወደቀች ወይ፣ ደህና ገባች ወይ አላሉም። እኔ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ አክስቴ ከእጃቸው ተረፍኩ ብዬ ያለቀስኩ መስሏት ታባብለኝ ነበር።

ያደግሁት ቡሬ ነው። እናቴ በገበያ ቀን እየመጣች ታየኝ ነበር። ይበልጣል እግሩ የሚድነውን ያህል ሲድን ደብረ ማርቆስ ሄዶ ተማረ፤ ዛሬ ሥራና ልጆች አሉት፤ አባታችን ካሉበት ቤት ግን ዳግም አልገባም። ቀንዳሙን አባታችን ለአንድ ተማሪያቸው ሰጡት፤ ውኃ እያጠጡ፣ ከራሳቸው ሰሐን እያጎረሱ አሠለጠኑት። ልጁ አሸነፈ። ከእሱ ጋር ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶ አሁንም የእናቴ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። አርጅተዋል። በዓመት በዓል ስሄድ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ እንጨዋወታለን፤ ጎረቤቱም እየገባ «መምህር» እያለ ጉልበታቸውን ይስማል።

ዛሬ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ውስጥ ብስክሌት የሚሸጡ፣ በደንብም የሚጠግኑ ሱቆች አሉ፤ ልጆች አመሻሹ ላይ ተከራይተው ሜዳውን ይሞሉታል፤ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ። ልጄ ስትለምነኝ ከርማ በዚህ ዓመት ገዛሁላት። የትኛው ሱቅ እንደሚሻል፣ ባጃጅ የማይበዛበት ሜዳ የቱ እንደሆነ ጠያይቄ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዣት ወጣሁ። ነዳች፣ ወደቀች፣ ተነሥታ ነዳች፤ ፀሐዩ ገና ሳይጠልቅ ወደ እኔ መጥታ «እማዬ፣ በቃኝ» አለችኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለን ከኛ ቤት ያን ቃል የተናገረ አልነበረም። እሺ አልኳት። ብስክሌቱን እኔ እየገፋሁ፣ እሷ ከጎኔ እየዘለለች፣ ወደ ቤታችን ገባን።