ፀሐይ ያልደረሰበት ገደል

ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ዘመኑ የጃንሆይ። እናንተ ልጆች መሳለሚያ ላይ ማለዳ ትንፋሻችሁ ሲጤስ «ብርድ ገደለን» ትላላችሁ። ብርድ ሰው ሲገድል እኔ ባሌ ተራራ ላይ አይቻለሁ።

ያኔ መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ የቆዳ መደብር ነበረኝ። የነብር ቆዳ ፈላጊው ብዙ ስለነበር በዓመት አንዴ ራሴ ለአደን እወጣለሁ። የዚያን ዓመት አብሮኝ የወጣው ሰይድ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ከመደብሬ አጠገብ ኮርቻ የሚሰፋ፣ ዝምተኛ፣ ተኩሶ የማይስት። መንገድ የሚመሩን ኦቦ ቱሉ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ነብር አቆሰልኩ። ደሙን ተከትለን ሳንርቅ ዝናብ ከነበረዶው ወረደብንና ዋሻ ገባን። አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ደስ አለኝ። የኦቦ ቱሉ ፊት ግን ጠቆረ።

«ደመናው ለተራራው ጋቢው ነበር» አሉ። «አሁን ተገፈፈ። እስኪነጋ የረጠበ ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። ጠመንጃችሁን አድርቃችሁ ታቅፋችሁት ተኙ።»

ሰይድ ምንሽሩን ወልውሎ ጋቢው ውስጥ አስገባው። እኔ ደክሞኝ ስለነበር የራሴን እንደራሰ ዋሻው አፍ ላይ አስደግፌው ተኛሁ።

ሲነጋ ከዋሻው ሥር የሚወርደው ምንጭ በረዶ ሆኖ ጸጥ ብሏል። ሣሩ ስንረግጠው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ነብሩ ከዝናቡ በኋላ የረገጠው ጭቃ ዱካውን እንደያዘ ጋግሯል። ተከትለነው አንድ ገደል አፋፍ ደረስን። ወዲህ ማዶ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ዱካው የገባበት የገደሉ ጥላ ግን በረዶ ለብሶ ያብረቀርቃል።

«ፀሐይ እስኪደርስበት እንቀመጥ» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«እስከዚያ ያመልጠናል» አልኳቸው።

«ጋሼ ከድር፣ ሽማግሌውን ብንሰማቸውስ?» አለኝ ሰይድ።

«ከፈራህ እዚሁ ቅር!»

ምንሽሩን ከጋቢው አውጥቶ ተከተለኝ፤ ኦቦ ቱሉ አፋፉ ላይ ቀሩ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን ነብሩ ከድንጋይ ሥር ብድግ አለ። ላቀባብል ብል ጠመንጃዬ ንቅንቅ አላለም፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን ከብረት አጣብቆታል። በጥፍሬ ታገልኩ። ነብሩ ተወረወረ። ከጎኔ ጥይት ጮኸ፤ አውሬው እግሬ ሥር ተዘረረ።

ዞር አልኩ። ሰይድ እኔን እንዳይመታ ብሎ ወደ ገደሉ ጠርዝ ወጥቶ ነበር የተኮሰው። የጠመንጃው ግፊት በበረዶው ላይ አንሸራተተው። እጄን ዘረጋሁ፤ የጋቢውን ጫፍ እንኳ አልነካሁም። «ጋሼ!» ብቻ አለ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይዋ ደረሰች። በረዶው ሟሟ፤ ድንጋዩ እርጥብ ብቻ ሆነ። እኔም አንዴም ሳልንሸራተት ወደ አስከሬኑ ወረድኩ።

አገሬው ሰግዶበት እዚያው ቀበርነው። መርካቶ ስመለስ ሚስቱ ዘሃራ መርዶውን ቀድማ ሰምታ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን ገደለው?»

«ነብር።»

«እሱስ አውሬ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ» ብላ አለቀሰች። ልጆቿንም ይህንኑ እየነገረች አሳደገቻቸው።

ሰማይ ሲጠራ ብርዱ እንደሚብስ፣ ጥላ ያለበትን ውሃ እንደማያምኑት ተምሬያለሁ። ለሰይድ ምን ይፈይድለታል? ዘሃራ ዘንድሮ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ እውነቱን በልቤ ደጋገምኩት። አንዲት ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣችም።